የታንጉት ሦስት ቋጠሮ

ጋሽ ኃይለኢየሱስ የሞቱት በገዛ አበቦቻቸው መካከል ነው። ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የችግኝ ጣቢያው ጥበቃ ኩዌት የጥላ ቤቱን በር ገፋ አድርጎ ሲገባ፣ ሽማግሌው ከሲሚንቶው የውሃ ገንዳ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው አገኛቸው። ማጅራታቸው የገንዳው ጠርዝ ላይ አርፎ ተሰብሯል። መነጽራቸው እንኳ ከዓይናቸው አልወለቀም።

ኢንስፔክተር ውቤ አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። የየካቲት ፀሐይ በዚያ ሰዓት ጋምቤላ ላይ ሰው አትምርም፤ ከመረቡ ጥላ ሥር ገብቶም ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጠፈ። በአሥራ ሦስት ዓመት የፖሊስነት ዕድሜው በወርቅ የተጋደለ አይቷል፣ በመጠጥ የተጋደለ አይቷል፣ በሴት የተጋደለማ ቆጥሮም አይጨርስ። በአበባ የሚገደል ሰው አለ ቢሉት ግን የዚያን ዕለት ጠዋት እንኳ ይስቅ ነበር።

ጥላ ቤቱ ባሮ ወንዝ ዳር በቀርከሃና በመረብ የተሠራ ትልቅ ዳስ ነው። ውስጡ አርባ የሚሆኑ ኦርኪዶች በእንጨት ቁራጭ ላይ ታስረው ተሰቅለዋል። ኦርኪድ ብዙውን ጊዜ አፈር አይፈልግም፤ ዛፍ ላይ ተጣብቆ ከጤዛና ከአየር የሚኖር ባሕታዊ አበባ ነው። የእያንዳንዱ ስም በትንሽ የቆርቆሮ ሰሌዳ ተጽፎ ከሥሩ ተንጠልጥሏል። መሐል ምሰሶው ላይ ግን ባዶ መንጠቆ ብቻ ቀርቷል። ሽቦው አልተቆረጠም፤ በእጅ፣ በትዕግሥት ተፈትቷል።

"ታንጉት እዚያ ነበረች" አለ ኩዌት። "ዋናዋ አበባ። ቅዳሜ በዓል ሊደረግላት ነበር።"

"ሽማግሌው ስንት ሰዓት ገቡ?"

"አሥራ ሁለት ሰዓት። እኔ ነኝ የከፈትኩላቸው።"

"ከዚያስ ማን ገባ?"

"ማንም። እኔ ከበር አልተነሳሁም።"

ውቤ ቀና ብሎ አየው። ከበሩ ያልተነሳ ጥበቃ አርባ እርምጃ ርቆ የወደቀ ሰው ለማግኘት ሦስት ሰዓት አይፈጅበትም። ለጊዜው ግን አለፈው።

ሳጅን ኛኳች እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ብብቷ ገንዳው ውስጥ ከትታ ነበር። ቁመቷ ረዥም ነው፣ ንግግሯ አጭር ነው። ክንዷን ስታወጣ መሐሉ ላይ የታጠፈ የቆርቆሮ ሰሌዳ ይዛለች። ዘርግታ አነበበችው፦ "ኦርኪድ ኃይለኢየሱስ። አዳቃይ፣ ኃይለኢየሱስ ደምሴ።"

"ታንጉት ነው እኮ ያለኝ" አለ ውቤ።

"ቀለሙ አዲስ ነው።" ሰሌዳውን አገላበጠችው። "ሌባ ቢሆን ይዞ ይሮጣል። ይሄን ያጠፈ ሰው አልቸኮለም። ተናዷል።"

ውቤ ስልኩን አውጥቶ ሁሉን ፎቶ አነሳ፤ ገንዳውን፣ መንጠቆውን፣ እያንዳንዷን አበባ ከነሰሌዳዋ። ሁሉን ማንሳት ልማዱ ነው። ባልደረቦቹ "ውቤን ሠርግ ላይ ጥሩት" እያሉ ይቀልዱበታል።

መልአኩ የሚባለውን የአበባ ባለሙያ ወንዝ ዳር ካለው ሆቴል አገኙት። ለቅዳሜው በዓል ማክሰኞ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጫማው የጋምቤላን አቧራ ገና ያልለመደ ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ለሽማግሌው ይሁን ለአበባዋ ውቤ አልለየውም።

"ምን ዓይነት አበባ ብትሆን ነው ሰው የሚሞትባት?"

"በሰባ ዘጠኝ የተዳቀለች ናት" አለ መልአኩ። "እናቷ አቦቦ ዛፍ ላይ የምትገኘው ቢጫ ናት፤ እንደ ነብር ነቁጥ ያላት። አባትየው ዲማ፣ ወርቅ ቆፋሪዎቹ ካሉበት ሜዳ የመጣ ሐምራዊ ነው፤ እሱ ከመሬት ነው የሚበቅለው። ሁለቱን ማዋለድ አይቻልም ይባል ነበር። ጋሽ ኃይለኢየሱስ አዋለዷቸው። ድቅሏ ለማበብ ስድስት ዓመት ፈጀባት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አንድ የውጭ ባለሙያ ለጉብኝት መጥቶ ቁራጭ ወሰደ። አገሩ ገብቶ በራሱ ስም አስመዘገባት። ጋሽ ኃይለኢየሱስ ሰላሳ ዓመት ደብዳቤ ጻፉ። በየቢሮው 'ያ የአበባው ሰውዬ መጣ' እየተባለ ተሳቀባቸው። ባለፈው መስከረም መዝጋቢዎቹ ጥፋታቸውን አመኑ። አዳቃይዋ እርስዎ ነዎት፣ ስሟንም ይምረጡ ብለው ጻፉላቸው።"

"የራሳቸውን መረጡ።"

"አዎ። እዚህ ታንጉት ነበር የሚሏት። የእናቴ ስም ነው ብለውኛል።"

"የእናታቸውን ስም ፍቀው የራሳቸውን ጻፉ?"

መልአኩ ትከሻውን ሰበቀ። "ሰው ሲያረጅ ስሙ ይርበዋል።"

ኛኳች ከአልጋው ሥር አንድ የፕላስቲክ ሣጥን ጎትታ አወጣች። ክዳኑ ተበሳስቷል፣ ውስጡ እርጥብ ጆንያ ተነጥፏል። "ይሄስ?"

መልአኩ ደነገጠ። "ከእሷ ላይ ቁራጭ ወስጄ ልሄድ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት ጠየቅኋቸው፣ አሻፈረኝ አሉ። ሰላሳ ዓመት ቁራጭ በሰጠሁት ሰው ስነድ ኖሬ ዛሬ ለአንተ? አሉኝ። ተጯጩኸናል፣ አልክድም።"

"ረቡዕ ጠዋት የት ነበርክ?"

"እዚሁ ቁርስ ላይ። ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት፣ ስለ በዓሉ ከኃላፊዎች ጋር ስነጋገር።"

አስተናጋጇም ኃላፊዎቹም እውነት ነው አሉ። ውቤ ቅር አለው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝ ለከተማው ሁሉ ይቀል ነበር። ከመሄዱ በፊት ውቤ፣ መልአኩ ማክሰኞ አመሻሽ በጥላ ቤቱ ያነሳቸውን ፎቶዎች ወደ ስልኩ አስላከ።

ሐሙስ የኩዌት ተራ ሆነ። ከጣቢያው ሠራተኞች ሁለቱ ያለ ማንም ጠያቂ ለውቤ ነገሩት፤ ሽማግሌው ባለፈው ወር የኩዌት ከብቶች ወደ ወንዝ የሚወርዱበትን መንገድ በአጥር ዘግተውበታል፤ ኩዌትም "ይቆጨዎታል" ብሏቸዋል።

"ብያለሁ" አለ ኩዌት። "ተናድጄ ነው።"

"ረቡዕ ከበርህ ተነስተሃል።"

ኛኳች በኑዌርኛ ሁለት ቃል ጣል አደረገችለት። ኩዌት ከሸሚዝ ኪሱ በላብ የራሰ የጤና ጣቢያ ካርድ አወጣ። የአራት ዓመት ልጅ፣ የእህቱ ልጅ፣ ወባ፤ ረቡዕ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ተመርምራለች። ነርሷን ጠየቁ፤ ኩዌት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ልጅቱን አቅፎ ተቀምጧል።

"ለምን ዋሸኸኝ?"

"በር ጥለህ ሄድክ ብለው ያባርሩኛል።"

"ልጅቱስ?"

"ተሻላት" አለ ኩዌት። "ቶሎ ነው ያደረስኳት።"

እንግዲህ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት በሩ ጠባቂ አልነበረውም። ይህ ማለት ጋምቤላ በሙሉ ተጠርጣሪ ነው ማለት ነው።

ዓርብ ውቤ ለቅሶ ደረሰ። የሟች እህት ከቢቸና ሁለት ቀን ተጉዘው ያን ዕለት ጠዋት ገብተው ነበር፤ ውቤ እግዜር ያጽናዎት ብሎ ከጎናቸው ተቀመጠ።

"ባለፈው ፋሲካ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር" አሉ ሴትዮዋ። "እጁ ይንቀጠቀጥበታል። ሦስት ዓመት ሆነው መሰለኝ። ኩባያ መያዝ አቅቶት እኔ ነኝ ያጎረስኩት፣ እንደ ሕፃን።"

"አበባዋን በእናታችሁ ስም ታንጉት ብለዋት ነበር አሉ።"

"በእናታችን?" ሴትዮዋ ነጠላቸውን ከዓይናቸው አነሱ። "እናታችን ወለተኪዳን ናት። በዘራችን ታንጉት የሚባል የለም።"

ከድንኳኑ ጥግ፣ ከሠራተኞቹ ጋር፣ እትዬ አባይነሽ ጥቁር ሻሽ አስረው ተቀምጠው ነበር። ውቤ ያውቃቸዋል። አቦቦ፣ መንደር አሥራ አንድ፣ በሰባ ሰባት ሰፋሪ ሆነው ከወሎ ከመጡት አንዷ ናቸው፤ የውቤ ወላጆችም በዚያው መኪና ነው የመጡት። ልጅ ሆኖ ወባ ሲጥለው በጀርባቸው አዝለው ክሊኒክ ያደረሱት እሳቸው እንደሆኑ እናቱ ዛሬም ታነሳለች። በችግኝ ጣቢያው ውሃ ቀጂ ሆነው ገብተው ጡረታ እስኪወጡ ሠርተዋል። ቀባሪው እህትየዋን ካጽናና በኋላ ወደ እሳቸው ዞሮ ደግሞ ያጽናና ነበር።

"እትዬ፣ መቼ ነው ጋሽ ኃይለኢየሱስን ያዩዋቸው?"

"ቆየሁ ልጄ። ከእሁድ ጀምሮ መንደር ነበርኩ፤ ጉልበቴን አሞኛል። የሰማሁት ረቡዕ ማታ ነው።"

"ስልካቸው ላይ እንዳየሁት ሰኞ ደውለውልዎታል። ስድስት ደቂቃ አውርታችኋል።"

"ጉልበትሽ እንዴት ነው አለኝ።" እትዬ አባይነሽ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ነበር። ሰፌድ ሲሰፉ የኖሩ፣ የማይነቃነቁ እጆች ናቸው። "ሰው የሚጠይቅ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።"

ከለቅሶው ወጥተው ውቤና ኛኳች ወደ ጥላ ቤቱ ተመለሱ፤ መልአኩንም አስጠሩት። ውቤ ምን እንደሚፈልግ አያውቅም። ያልገባው ነገር ሲበዛበት ወደ ቦታው መመለስ ብቻ ነው የሚያውቀው።

የአቦቦዋ ቢጫ፣ የታንጉት እናት የተባለችው፣ ከባዶው መንጠቆ አጠገብ ተሰቅላለች። በዘንጓ ላይ አሥራ አንድ አበባ አለ። አሥሩ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አንዷ ግን ጠውልጋ አንገቷን ደፍታለች።

"ይቺ ረቡዕ ደህና ነበረች" አለ ውቤ የስልኩን ፎቶ እያሳየ።

መልአኩ ጎንበስ ብሎ አያትና ፊቱ ተለወጠ። "ተዳቅላለች። ኦርኪድ የሌላ አበባ ብናኝ ካልነካው ወር ሙሉ ሳይጠወልግ ይቆያል። ብናኝ የገባበት ቀን ግን ሥራውን ጨረሰ፤ በሁለት ቀን ውስጥ አበባው ይረግፍና አንገቱ ፍሬ መቋጠር ይጀምራል። አንድ ሰው ማክሰኞ ወይ ረቡዕ በእጁ አዳቅሏታል።"

"ንብ አይሆንም?"

"ንብ ክር አያስርም" አለች ኛኳች።

እውነትም በጠወለገችው አበባ አንገት ላይ ቀጭን ቀይ ክር ታስሯል። ክሩ ሦስት ቦታ ተቋጥሯል።

ውቤ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀመጠ። መልአኩ ማክሰኞ አመሻሽ ባነሳው ላይ ክር የለም። ውቤ ራሱ ረቡዕ አራት ሰዓት ባነሳው ላይ፣ አስፍቶ ሲያየው፣ ክሩ አለ። ሌሊት በሩ ተቆልፎ ኩዌት ተቀምጦበታል። ስለዚህ ክሩ የታሰረው ረቡዕ ጠዋት ነው።

"ጋሽ ኃይለኢየሱስ ራሳቸው ይሆናሉ" አለ መልአኩ።

"ኩባያ የማይይዝ እጅ?" አለ ውቤ። "አንተስ ክር ታስራለህ?"

"እኔ ወረቀት ነው የማስረው፤ የወላጆቹን ስም ጽፌ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።"

ኛኳች ከአንዱ ኦርኪድ ወደ ሌላው እየሄደች የጽሕፈት ሰሌዳዎቹን ታነሳ ጀመር። ከእያንዳንዱ ሰሌዳ በላይ፣ ከእንጨቱ ጋር፣ ያረጀ ክር አለ፤ አንዳንዱ ከርጅና የተነሳ ቀለሙ ጠፍቷል። ማንም ልብ ያላለው ለማሰሪያ የቀረ መስሎት ነው። ከዲማው ሐምራዊ የተገኘ ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ አንድ ቋጠሮ አለው። ከአቦቦዋ ቢጫ የተገኘው ሁለት። ከታንጉት የተገኙት ሦስት፣ ሦስት።

"እናቴ ላሞቿ የሚወልዱበትን ወር በገመድ ላይ ትቋጥራለች" አለች። "መጻፍ አትችልማ። ይሄን ሁሉ የቋጠረው አንድ ሰው ነው። ጽሕፈቱ ከኋላ ነው የመጣው።"

ሦስት ቋጠሮ ማለት ብናኙ ከታንጉት ተወስዷል ማለት ነው። ክሩን ያሰረው ሰው እዚህ የቆመው ታንጉት ከመንጠቆዋ ሳትወርድ፣ ምናልባትም ሽማግሌው በሕይወት እያሉ ነው።

"መልአኩ፣ እዚህ ከጋሽ ኃይለኢየሱስ ጋር የሚሠራ ማን ነበር?"

"ማንም። ማለቴ፣ ውሃ የምታጠጣ አንዲት ሴትዮ ነበረች እንጂ።"

ውቤ የሚቀጥለውን ያደረገው ሳያስብ ነው፤ ለአሥራ ሦስት ዓመት እንደተማረው። ማስረጃ ከቦታው ይነሳል። መቀስ ተቀብሎ የጠወለገችውን አበባ ከነክሯ፣ ከነአንገቷ ቆረጠና በፕላስቲክ ከረጢት አሸጋት።

ከዚያ እናቱ ጋ ደወለ።

"እማ፣ በሰፈራው ጊዜ ታንጉት የምትባል ሰው ታስታውሻለሽ?"

"ምነው አሁን እሷን አነሳህ?" አለች እናቱ። "የአባይነሽ ልጅ ናታ። በሰባ ስምንት ወባው ሲፈጀን የሞተችው። አራት ዓመቷ ነበር። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የለን፣ ሾላው ሥር ነው የቀበርናት።"

ቅዳሜ፣ ያ በዓል ሊደረግ በነበረበት ጠዋት፣ ውቤና ኛኳች መንደር አሥራ አንድ ደረሱ። ውቤ መኪናውን ከበቆሎው ማሳ ዳር አቁሞ ወደ ሾላው በእግሩ ሄደ። ሌላ ሰው ተልኮ ቢሆን ብሎ ተመኘ፣ በምኞቱም አፈረ።

ታንጉት ሾላው ግንድ ላይ በነጠላ ቅዳጅ ታስራለች። ውቤ ፎቶዋን እንጂ እሷን አይቶ አያውቅም ነበር። ሐምራዊ ናት፤ በሐምራዊው ላይ ቢጫው ነቁጥ ጎልቶ ይታያል። ቆንጆ ናት፣ ሌላ የሚባል ነገር የለም። ከሥሯ ድንጋይ የተከበበ ትንሽ መቃብር አለ። እትዬ አባይነሽ በጣሳ ውሃ ያጠጧት ነበር።

"መጣህ?" አሉት ሳይዞሩ።

ውቤ ከረጢቱን አወጣ። ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፤ ፎቶዎቹን፣ ሰዓቱን፣ ቋጠሮዎቹን በቅደም ተከተል ሊያስረዳ። አላስፈለገም። እትዬ አባይነሽ ከረጢቱን አይተው ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"ቆረጥካት?"

"ማስረጃ ናት፣ እትዬ።"

"ክሩን ፈትተህ ብትወስድ አይበቃህም ነበር?" ድምፃቸው አልጮኸም። "ይዛ ነበር እኮ። ዘጠኝ ወር ጠብቄ እዘራት ነበር። ጉልበቴ ቢያብጥም አደርሳት ነበር። አሁን ከየት አመጣለሁ? የታንጉት አባት፣ የዲማው፣ ከሞተ ሃያ ዓመቱ ነው፣ እጄም ነገ እንደሱ ይሆናል።"

ውቤ ስለ ነፍስ ግድያ ሊጠይቅ መጥቶ የራሱን ጥፋት ሰማ። ኛኳች ራቅ ብላ ቆመች።

"ይንገሩኝ" አለ በመጨረሻ።

"ምኑን ልንገርህ። ልጄን እዚህ ቀብሬ በወሩ ችግኝ ጣቢያ ውሃ ቀጂ ሆንኩ። እሱ ወጣት ባለሙያ ነበር፤ ዘሩን በጠርሙስ ይዘራና ይሻግትበታል፣ ይዘራና ይሻግትበታል። ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ስጠኝ ልሞክረው አልኩት። ብናኙን በስንደዶ ጫፍ ነው የማነሳው፤ ሰፌድ የሰፋ እጅ አይስትም። ዘሩ እንደ ዱቄት ነው። ልጅ ከእናቷ ሥር ነው የምትድን ብዬ እናቲቱ ሥር ላይ በተንኩት። ሦስት በቀለ። ሁለቱ ሞቱ፣ አንዷ ቀረች። ስድስት ዓመት በጣሳ አጠጣኋት።"

"ሠራሁት ያሉት ግን እሳቸው ናቸው።"

"ይበል አልኩ። የውሃ ቀጂ ወሬ ማን ይሰማል? እኔ አልጽፍ፣ እሱ ይጽፋል። አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩት፤ ታንጉት በላት አልኩት። በሚካኤል ምሎልኛል። ያ ፈረንጅ የሰረቀው ጊዜ ከእሱ ጋር አብሬ አልቅሻለሁ። ሰላሳ ዓመት ስሜን ወሰዱት እያለ ሲያለቅስልኝ፣ አንድ ቀን እንኳ፣ የአንቺንስ አላለኝም። እኔም አላልኩት።"

"ረቡዕስ?"

"ሰኞ ደወለልኝ። እንግዶች ይመጣሉ፣ አዲስ ዘር እንዲያዩ ነይ አዳቅዪልኝ አለኝ። በንጋት መኪና መጣሁ። በሩ ላይ ሰው የለም። አዳቀልኩ፣ ክሬን አሰርኩ። ዞር ስል ሰሌዳው ሌላ ነው። ማንበብ አልችልም፤ የታንጉትን መልክ ግን አውቀዋለሁ፣ በየሳምንቱ ስወለውለው ኖሬአለሁ። ይሄ ረዥም ነው። ምን ይላል? አልኩት።"

እትዬ አባይነሽ ከመቃብሩ ላይ አንድ ደረቅ ቅጠል አነሱ።

"ነገረኝ። አትቀልድ ስለው ሳቀ። አባይነሽ፣ እኛም እንደ ሰው ስማችን ይጠራ እንጂ አለኝ። እኛ ነው ያለው። ልጄስ? አልኩት። አርባ ዓመት የሆናት ሬሳ ስም ምን ያደርግላታል አለኝ። ገፋሁት። እንዲሞት አልነበረም፤ ከፊቴ ዞር እንዲል ነው። ከዚያ ተመልሶ አልተነሳም። ሰሌዳውን በጉልበቴ አጥፌ ጣልኩና ልጄን ወደ ልጄ አመጣኋት።"

"ክሩን ግን ትተው ሄዱ።"

"ክሩንማ እንዴት ልፍታው? ከፈታሁት ከየት እንደተወለደች ማን ያውቃል?"

ካቴና ኛኳች ጋ ነበር፤ አላወጣችውም። እትዬ አባይነሽ ወደ መኪናው በራሳቸው እግር ሄዱ፤ ጉልበታቸው ሲይዛቸው የተደገፉት ውቤን ነው። በልጅነቱ አዝለውት የሄዱበት መንገድ ያው ነበር።

ታንጉት በኤግዚቢትነት ተመዝግባ መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት ገባች፤ ከተሰረቁ ባጃጅ ጎማዎችና ከአረቄ በርሜል ጋር። ኛኳች በየጠዋቱ በሃይላንድ ኮዳ ታጠጣታለች። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሏ ቢጫ መሆን ሲጀምር መልአኩ ከዐቃቤ ሕግ ደብዳቤ አጽፎ መጣ፤ ፎቶዋ ለመዝገቡ በቂ ስለሆነ አበባዋ እንድትለቀቅ ይላል። በዓሉ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጥሯል። በክንዱ ሥር አዲስ ሰሌዳ ይዟል፤ ጽሑፉ ግን የቀድሞው ነው፤ ኦርኪድ ኃይለኢየሱስ።

"አታፍርም?" አለው ውቤ። "ነግሬህ የለ?"

"ነግረኸኛል። አምንሃለሁም።" መልአኩ ዓይኑን ሰበረ። "ግን ምዝገባው አልቋል። አሁን ደግሞ ገዳያቸው ናት ያዳቀለችው ብለን እንጻፍ? ማን ይቀበለናል? ሰላሳ ዓመት ነው የፈጀው አንዱን ስም ለማስተካከል።"

ውቤ የርክክብ ቅጹን አወጣና በራሱ እጅ ሞላው። የዕቃው ዓይነት፣ አንድ የኦርኪድ ተክል። መጠሪያ፣ ታንጉት። ከማን እጅ የተያዘ፣ ወይዘሮ አባይነሽ እምሩ። ልዩ መግለጫ በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት በወይዘሮ አባይነሽ እጅ የተዳቀለች፣ በሟች ልጃቸው ስም የተጠራች ብሎ ጻፈ።

"ይሄ ለርክክብ ምን ያደርጋል?" አለ መልአኩ።

"የወንጀሉ ምክንያት ነው። በዚህ ካልፈረምክ አትወስዳትም።"

መልአኩ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ ፈረመ። ታንጉትን በተበሳሳው ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ይዟት ወጣ።

ኛኳች ቅጂውን አንስታ አነበበች። "ይሄን ማን ያየዋል?"

"ዐቃቤ ሕጉ። ዳኛው። ከዚያ ምስጥ።"

"ለእሷ አንብብላት" አለች።

እትዬ አባይነሽ በሴት እስረኞች ክፍል ደጃፍ፣ ጥላው ሥር ተቀምጠው ነበር። ውቤ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበላቸው። አበባዋ መሄዷንም አልደበቃቸውም። ሲጨርስ ድገመው አሉት፤ ደገመው።

"የትኛው ነው የእኔ?"

ጣታቸውን ይዞ በስማቸው ላይ አሳረፈላቸው።

"የእሷስ?"

ሁለቱ ስሞች አንዱ ከአንዱ በላይ ናቸው፤ ብዙም አይራራቁም። እትዬ አባይነሽ አንድ ጣታቸውን በራሳቸው፣ ሌላውን በልጃቸው ስም ላይ አድርገው ወረቀቱን ያዩት ጀመር። የጥየቃ ሰዓት አልቆ ዘበኛው በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኳ። ውቤ ወረቀቱን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ።

"ቆይ" አሉት።